ቅንጭቡን ፈርቼ በጤና አዳም ተቃጠልኩ

ኅዳር 10 ነበር። የእናቴ ግቢ ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ ጫካ መስሏል። ለኅዳር ሚካኤል እንግዳ ይመጣል። ኅዳር ሲታጠን የሚቃጠለው ቆሻሻም ከዚያ በፊት ተጠርጎ መሰብሰብ አለበት። እናቴ ብቻዋን እንዳትደክም ብዬ በጠዋት ሄድኩ።

አጥሩ ቅንጭብ ነው። ቅንጭብ ሲሰበር ነጭ ወተት ይወጣዋል። ልጆች ሳለን "ዓይን ያጠፋል" እየተባልን ነው ያደግነው፤ አባባሉም ከንቱ ማስፈራሪያ አይደለም። ወተቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ ያቀላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርቱ ሕመም ያመጣል፣ እይታንም ሊጋርድ ይችላል። ስለዚህ አጥሩን ለሚከረክመው ልጅ ሁሉም ነገር ተሟላለት። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ አጠገቡ አንድ ባልዲ ንጹህ ውሃ። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ "ዓይንህን ጠብቅ ልጄ" ትለዋለች።

እኔ ቀላሉን ሥራ ወሰድኩ። ጤና አዳሙን።

ቧንቧው ሥር ያለው ጤና አዳም ወገቤ ድረስ አድጎ መተላለፊያውን ዘግቶታል። እጅጌ ጉርድ ቲሸርት ለብሻለሁ። ጓንት አላሰብኩም። ለጤና አዳም ማን ጓንት ያደርጋል? ቡናችን ውስጥ የምንነክረው፣ ለሆድ ቁርጠት የምንጠጣው ተክል ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ስቆርጥ፣ የቆረጥኩትን በግራ ክንዴ ታቅፌ ወደ ጓሮ ሳመላልስ ቆየሁ። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር፤ ላቤ ይወርዳል። ቅጠሉ ክንዴ ላይ ይታሻል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ስጨርስ እጄን ያለ ሳሙና ለቅለቅ አድርጌ ቡና ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ምንም አልነበረም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግራ ክንዴ ቀላ፣ መሞቅም ጀመረ። ፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት። ኅዳር 12 ጠዋት ስነሳ ግን ክንዴ ውሃ ቋጥሯል። አንዳንዱ እንደ ሽምብራ፣ አንዱ የአውራ ጣቴን ጫፍ ያህላል። ብዙም አያሳክክም። ያቃጥላል፤ የፈላ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል።

ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ያየኝ ሁሉ የየራሱን ነገረኝ። አንዷ "አልማዝ ባለጭራ ነው" አለች። ሌላዋ ሸረሪት ነው አለች። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ክንዴን ገልበጥ አድርገው አዩና "ምች ነው የመታሽ የኔ ልጅ፣ ቆይ ጤና አዳምና ዳማከሴ አሽቼ ልቀባሽ" ብለው ተነሱ። በፍቅር ነው፤ የሚያውቁት መድኃኒት ይኼው ነው። እኔም እጄን ልሰጣቸው ነበር። ያዳነኝ ሕመሙ ነው። ጨርቅ እንኳ ሲነካኝ ስለሚያንገበግበኝ "እማማ ትንሽ ይቆይልኝ" አልኳቸው።

በማግስቱ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ሳይጠይቁኝ የአለርጂ ኪኒን ሰጡኝ። ምንም ለውጥ የለም። ወደ ቆዳ ሐኪም ስሄድ ግን ሐኪሟ ከቁስሉ ይልቅ ቅርጹን ነው ያየችው። ቃጠሎው በመስመር በመስመር ነው የወረደው፣ ልክ ግንዱ እንደታሸበት። የሰዓቴ ማሰሪያ የነበረበት ቦታ ንጹህ ነው። ከእጅጌው በላይም ምንም የለም። "ሎሚ ጨምቀሽ ወይም ጤና አዳም ነክተሽ ፀሐይ ላይ ቆይተሽ ነበር?" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና አዳም ቅጠልን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ብታዩት ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት። የዘይቱ ከረጢቶች ናቸው። ተክሉ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። ጨለማ ውስጥ ብዙም ጉዳት የላቸውም። ቆዳ ላይ ሆነው አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ግን የቆዳ ሴሎች ዘረመል ላይ ይጣበቃሉ፣ ሴሎቹም ይጎዳሉ፣ ይሞታሉ። አለርጂ አይደለም። ጭማቂው በቂ ከሆነ፣ ፀሐዩም ከበረታ ማንንም ያቃጥላል። ላብና እርጥበት ደግሞ ወደ ቆዳ መግባቱን ያፋጥኑታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። እኔ ሁሉንም በአንድ ጠዋት አሟላሁት።

የሚያሳስተው መዘግየቱ ነው። ሳማ ሲነካህ ወዲያው ታውቃለህ፤ ትጮሃለህ፣ በሰዓታት ውስጥም ይተውሃል። የጤና አዳም ቃጠሎ ግን ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ የሚብሰውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ተክሉን ማንም አያስታውሰውም። ለዚህ ነው ምች፣ ሸረሪት፣ አልማዝ ባለጭራ የምንለው።

ሕክምናው ቀላል ነበር። በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ሐኪሟ ያዘዘችው የስቴሮይድ ክሬም ለጥቂት ቀናት፣ ከዚያ ቫዝሊንና ንጹህ ፋሻ። ውሃ የቋጠረውን እንዳላፈርጠው አስጠነቀቀችኝ፤ ቆዳው ራሱ ነው ቁስሉን ከጀርም የሚሸፍነው። ፊት ወይም ዓይን ከተነካ፣ ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ፣ ወይም የተጎዳው ሕፃን ከሆነ ግን ቤት መቀመጥ የለም። እኔ በሁለት ሳምንት ዳንኩ። ጥቁር ቡናማ መስመሩ ግን ቀረ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ጤና አዳም በብዛት የምቆርጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ረጅም እጅጌና የላስቲክ ጓንት አደርጋለሁ፤ የጨርቅ ጓንት ጭማቂውን ይመጥጣል። ስጨርስ እስከ ክርኔ በሳሙና እታጠባለሁ፣ ልብሴንም እቀይራለሁ። ድንገት በቀን ከነካኝ ወዲያው ታጥቤ የነካኝን ቦታ ለሁለት ቀን ያህል ከፀሐይ እሸፍናለሁ። ደመና ነው ብዬ አልዘናጋም፤ ይኼ ጨረር ደመናንም መስኮትንም ያልፋል። ለስኒ አንዲት ዘለላ መቅጠፍ ግን አያስፈራኝም። እጄን እታጠባለሁ፣ በቃ።

ሎሚም እንደዚሁ ነው፤ ከጤና አዳም ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፊት ያጠራል ብለው ሎሚ ተቀብተው ፀሐይ ላይ የሚወጡ ልጆች አሉ። እባካችሁ ተዉት። የሚተርፋችሁ ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ጨቅላን ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ልማዳችን ነው። ጤና አዳም አሽቶ ሰውነቱን መቀባትም አለ። ሁለቱ አንድ ቀን አንድ ሕፃን ላይ እንዳይገናኙ። የኔ ክንድ ላይ የሆነው በዚያ ስስ ቆዳ ላይ ሲሆን አስቡት።

እናቴ ጤና አዳሙ ይነቀል ስትል እኔ ነኝ አይሆንም ያልኳት። ከቧንቧው ሥር ግን አነሳነው፤ ልጆቹ ውሃ የሚጫወቱት እዚያ ነው። ከኋላ፣ ከቅንጭቡ አጥር ጎን ተከልነው። እማማም ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ቅጠል ሊቀጥፉ የሚመጡት ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ነው። ሲመጡ መጀመሪያ ክንዴን ያያሉ። በፋሲካ መስመሩ ገና ነበር፤ አሁን የሚታየው ጠጋ ብሎ ላየ ብቻ ነው።