ከሾርትስቶፕ ወደ አሰልጣኝነት
ትናንት ማታ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ የአሜሪካዊውን ቤዝቦል ተጫዋች የትሮይ ቱሎዊትስኪን ቪዲዮ በስልኬ ደጋግሜ ሳይ አመሸሁ፣ ቤዝቦል ባህር ዳር ላይ ማን ያውቀዋል ትሉ ይሆናል ግን ስሙኝማ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለኮሎራዶ ሮኪስ ቡድን ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሶስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆም ተከላካይ) ሆኖ ከአትላንታ ጋር ሲጫወት፣ የተመታውን ኳስ መሬት ሳይነካ ቀለበው፣ አንዱ ሯጭ ትቶት የሄደውን ሁለተኛውን ቤዝ (ሯጮች የሚደርሱበትን ምልክት) ረገጠ፣ ዞር ብሎ ሌላውን ሯጭ በኳሱ ነካው፣ በቃ መቺውንና ሁለቱን ሯጮች፣ ብቻውን ሶስት ሰው ከጨዋታ አስወጣ! 5 ጊዜ ኦል ስታር የሆነ፣ ማለትም ከሊጉ ምርጦች ጋር የተመረጠ ሰው ነው እኮ። ከዛ ተረከዙ አሰቃየው፣ ሁለቱንም ኦፕራሲዮን ተደርጎ 2018ን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ፣ በ2019 አቆመና በዛው አመት ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ ገባ። እኔም ጉልበቴን ተጎድቼ ኳስ ሳቆም ያተረፈኝ የሰፈር ልጆችን ማሰልጠን ነው። ዛሬ ጠዋት አንዱ ትንሽዬ "ጋሼ፣ ኳሱ ሳይመጣ እግሬን የት ላድርግ?" አለኝ፣ ጎንበስ ብዬ በእጄ አስተካከልኩለት።