ጣራ ላይ ለሚወጣው ሰው የሚጻፍ የኖድ መዝገብ

«ሊንኩ ደክሞ ነበር፤ አንቴናው ሲስተካከል ዳነ።» ለአማተር ሬዲዮ ኔትወርክ ኖዶች (ጣራ ላይ ለተተከሉ፣ በሬዲዮ ለሚገናኙ ራውተሮች) በሚያዝ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ማስታወሻ አይጠቅምም። ከስንት ዲሲቤል ወደ ስንት? በስንት ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስፋቱ ከ20 ወደ 10 ሲወርድ ተቀባዩ ውስጥ የሚገባው ኖይዝ (ሲግናሉን የሚረብሸው ጫጫታ) በ3 ዲሲቤል ስለሚቀንስ፣ አንቴናውን ማንም ሳይነካው ሲግናሉ የተሻሻለ ይመስላል። ስፋቱ በአንደኛው ጫፍ ብቻ ከተቀየረ ደግሞ ሁለቱ ኖዶች ጭራሽ አይገናኙም።

እኛ ጋ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ሰዓት ነው። «3 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» የሚለው ጠዋት ከሆነ 06:00 ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት)፣ ማታ ከሆነ 18:00 ነው። ሁሉም በዩቲሲና በፈረንጆች ቀን ይጻፍ። ኖዱም ራሱ ሁልጊዜ አይታመንም፦ አብዛኞቹ ራውተሮች ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌላቸው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከኤንቲፒ ሰርቨር (በኔትወርክ ሰዓት ከሚሰጥ ኮምፒውተር) ሰዓት እስኪያገኙ ድረስ የተሳሳተ ቀን ይመዘግባሉ። እንደ ኤሬደን (የአማተር ሬዲዮ ኔትወርክ ሶፍትዌር) ያለ፣ በኦፕን-ደብሊውአርቲ (ለራውተር በተሠራ ሊኑክስ) ላይ የተሠራ ፈርምዌር፣ ማለትም የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ ሎጉን (የክስተት መዝገቡን) የሚያስቀምጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ራም ላይ ነው። ስለዚህ ነቅሎ መሰካት የመጀመሪያው መፍትሔ ሳይሆን ማስረጃ ማጥፊያ ነው፤ መጀመሪያ ሎጉን በሚያሳየው በሎግሪድ ትእዛዝ የወጣውን ጽሑፍ ኮምፒውተርዎ ላይ በፋይል ያስቀምጡ።

ኬብሉን በተመለከተ ርዝመቱን ብቻ መጻፍ አይበቃም። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል፤ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ነው። በ24 ቮልት ፓሲቭ ፒኦኢ (ኃይል በኔትወርክ ኬብሉ ራሱ ሲላክ) 40 ሜትር ንጹሕ መዳብ (ውፍረቱ በአሜሪካ የሽቦ መለኪያ 24 ኤደብሊውጂ፣ ለመሄጃም ለመመለሻም ሁለት ሁለት ሽቦ) የደርሶ መልስ ሬዚስታንሱ 3.4 ኦም ገደማ ነው፤ በ0.4 አምፒር 1.4 ቮልት ገደማ ይጠፋል። በአሉሚኒየሙ ከ2 ቮልት በላይ ይሆናል። ኖዱ ላይ ያልተሰካ ኬብል ጫፍ ላይ መልቲሜትር ማድረግ ግን ከንቱ ነው፦ ከረንት ካልፈሰሰ የሚጠፋ ቮልቴጅ የለም፣ ሁሌም 24 ያነባል። ኖዱ ትራፊክ እያስተላለፈ ይለኩ።

ለቆዩ የዩቢኪዊቲ (የሬዲዮ ራውተር አምራች) መሣሪያዎች ፈርምዌራቸው ሲበላሽ የማዳኛው መንገድ በወረቀት ታትሞ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፣ ያኔ ኔትወርክ አይኖርምና። ኮምፒውተሩ 192.168.1.254 የሚል የኔትወርክ አድራሻ ይሰጠው፤ ሪሴቱን እንደተጫኑ ኃይል ይስጡ፣ መብራቶቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ሲሉ ይልቀቁ፤ ፈርምዌሩን በቲኤፍቲፒ (ቀላል የፋይል መላኪያ ዘዴ) ወደ መሣሪያው አድራሻ 192.168.1.20 ይላኩ። ፋይሉን ሳይለውጥ የሚልከው ባይነሪ ሞድ ካልተመረጠ ፋይሉ ተበላሽቶ ይደርሳል።

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የፍሬኔል ዞኑ (በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ሞገዱ የሚያልፍበት እንቁላል መሰል ክልል) መሐል ላይ ራዲየሱ 10 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቢያንስ 6 ሜትሩ ነጻ መሆን አለበት። ማዶው በዓይን መታየቱ አይበቃም። በየዓመቱ ፎቅ በሚጨመርበት መሐል ከተማ፣ በአንቴናው አቅጣጫ የተነሣ ቀን ያለው ፎቶ ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

የይለፍ ቃል መዝገቡ ውስጥ አይገባም። የጣራው ቁልፍ ጥበቃ ጋ ይሁን አስተዳደር ቢሮ፣ እሑድስ ማን ይከፍታል የሚለው ግን ይግባ።