ሐይቅ፣ የመጀመሪያው ቀን

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ልጆቹ ተኝተዋል። አባታቸውም ተኝቷል፤ እንዲያውም ከነሱ ቀድሞ። እኔ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርቤ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ጨለማ ስለሆነ ሐይቁ አይታይም። ዳር ያለውን ድንጋይ ቸብ ቸብ ሲያደርግ ግን ይሰማኛል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ አድጌ፣ ደሴ ወልጄ፣ እስከ ዛሬ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ሐይቅ ከቤታችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ስንቴ አልፌበታለሁ። ዓሣ በልቼም ተመልሻለሁ። ውሃው ላይ መውጣት ግን አልሞከርኩትም። እኛ የደሴ ልጆች የምናውቀው ዳገት ነው። የጦሳን ተራራ ውጪ በሉኝ፣ እያለከለክሁም ቢሆን እወጣለሁ።

ፍርሃቱን ያወረሰችኝ አያቴ ናት። ልጆች ሆነን ማታ ማታ የሐይቅን ታሪክ ትነግረን ነበር። ድሮ እዚህ ውሃ አልነበረም፣ ደረቅ መሬት ነበር። አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር በደለቻት። በደሉ ምን እንደሆነ እማማ እንደ ቀኑ ትቀያይረዋለች፤ አንዳንዴ ስድብ ነው፣ አንዳንዴ ግፊያ ነው፣ እኛ ውሃ አምጡ ስንባል እምቢ ያልን ቀን ደግሞ ውሃ መከልከል ይሆናል። ፈጣሪ ተቆጣ። ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ። ልዕልቲቱ ከነአጃቢዎቿ ሰመጠች። እርጉዟ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። እማማ እዚህ ላይ ስትደርስ በጣቷ ወደ ወለሉ ትጠቁምና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከታች ናቸው» ትላለች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያቺ ጣት ከዓይኔ አልጠፋችም።

ታዲያ ለምን ወጣሽ ትሉኝ ይሆናል። ትልቋ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። የግማሽ ዓመት እረፍቱ ሲቀርብ «ጀልባ፣ ጀልባ» ማለት ጀመረች። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው፤ እሷ ያለችውን ይደግማል። አባታቸው «ሁለት ቀን እንሂድ፣ አንድ ሌሊት እናድራለን» ብሎ ፈረደብኝ። መንገዱ እንዴት ነው ብለን ሁለት ሦስት ሰው ጠየቅን። ሰላም ነው አሉን።

ጠዋት ደሴ እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍና ነበር። ለአንድ ሌሊት የአንድ ወር ዕቃ ያዝን። እንቁላል ቅቅል፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የሦስት ቀን ቅያሪ፣ ትንሹ ካላቀፈ የማይተኛበት አንድ ጆሮ ብቻ የቀረችው ጥንቸል። ከቤት ስንወጣ ትልቋ «የሐይቁ ስም ማነው?» አለች።

«ሐይቅ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ስሙን!»

ይህ ጥያቄ ቦሩ ሜዳ እስክንደርስ አላለቀም። እዚያ ስንደርስ አባታቸው ወጉን ቀየረ። የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ቦሩ ሜዳን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. እዚህ ስለጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ሲያስረዳ ትንሹ ሁለት እንቁላል ጨረሰ። መኪናው ወደ ታች ሲወርድ ሙቀቱ መጣ። መጀመሪያ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ ካልሲ እያለ ሁሉም እኔ ጭን ላይ ተቆለለ።

ውሃው ዳር ደረስን። ጀልባ የሚነዳው ሰውዬ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፣ ዝምተኛ ነው። በዋጋው ትንሽ ተከራከርን። ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ለትንሹ አደረግን። ትልቋ የአዋቂውን ለበሰች። ጉልበቷ ድረስ ወረደ። ነጠላዬን አውልቄ ወገቧ ላይ ሁለት ዙር ጠፈርኩላት። እግሬን ላነሳ ስል ግን አልነሳ አለኝ። ሰውዬው አየኝ።

«አብሽሪ እህቴ» አለኝና እጁን ዘረጋልኝ።

እኔ አማተብኩ። እሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። በሁለቱም በኩል ከተጠራ ምን ይመጣል ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ድምፃቸው ጠፋ። ቀጥሎ ትልቋ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች። እኔ የጀልባውን ጠርዝ አንቄ ይዣለሁ።

«እማዬ፣ ፈራሽ እንዴ?»

«ኧረ! በርዶኝ ነው።»

«ላብሽ እኮ እየወረደ ነው።»

አባቷ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ «ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው እኮ» አለ። ይህን ቁጥር ትናንት ማታ አልጋ ላይ ነግሮኝ፣ ሁለተኛ እንዳይደግመው አስምዬው ነበር። አስተማሪ ምን ይደረጋል።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ ትንሹ «ሽንቴ መጣ» አለ። ከመነሳታችን በፊት ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ሦስቴም የለም ብሏል። ባዶ ሃይላንድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጀልባው ይወዛወዛል፣ ላይፍ ጃኬቱ ሱሪውን አላስወርድ ይላል፣ እህቱ ዓይኗን ሸፍና በጣቶቿ መሃል ታያለች። በመጨረሻ ግማሹ ሃይላንድ ውስጥ፣ ግማሹ እጄ ላይ ሆነ። እጄን የታጠብኩት በሐይቁ ነው። ጠርዙን እንደለቀቅሁ፣ ጎንበስ ብዬም እጄን ያን የፈራሁት ውሃ ውስጥ እንዳስገባሁ ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነበር።

ልቤ ሲመለስ የእማማን ታሪክ ነገርኳቸው። «ከታች ናቸው» የሚለውን ትቼ ነው ታዲያ። ልዕልቲቱ ርቃ ሄደች አልኩ። እርጉዟ ሴትዮ ግን ያ ደሴት ላይ ተረፈች ብዬ በጣቴ አሳየሁ። ትንሹ አሰበበትና «ደሴት የደሴ እህት ናት?» አለ። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ያሳየኋቸው ቦታ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ደሴት የነበረው ድሮ ነው፤ አሁን በአንድ ጎኑ ከየብስ ተያይዟል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ ከ700 ዓመት በላይ የሆነው የብራና ወንጌል ያለበት ነው። አባታቸው ለዓመታት ልሂድ ልሂድ ሲል ነው የኖረው። ሴት ግን አትገባም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስለማውቀው አስቤበት አላውቅም። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። እኔና ትልቋ ጀልባው ላይ ቀረን።

«እኛስ?»

«እኛ እዚህ እንጠብቃለን።»

«ለምን?»

«የገዳሙ ሥርዓት ነው። ወንዶች መነኮሳት ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ሴት አትገባም።»

ዝም አለች። ዝም ስትል ነው የምፈራው። ነጠላዋን እየፈታች እያሰረች ቆየችና፦

«እርጉዟ ሴትዮስ?»

«ምን ሆነች?»

«እዚህ ነው የተረፈችው አላልሽም? ሴት አይደለችም?»

ሰውዬው ሞተሩን የሚጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠ። «ይህቺ ልጅ ሼህም ቄስም ታስጨንቃለች» አለ። እኔ ቃል አጣሁ። ያ ገና ገዳም ሳይሆን በፊት ነው ልላት ነበር። ተረት ነው ልላትም ነበር። ለሁለቱም አፌ እምቢ አለኝ። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ሰባት መቶ ዓመት የቆየን ነገር እኔ ጀልባ ላይ ተቀምጬ አልሽረውም። ግን ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ ስንት ጊዜ አውርቼ፣ አንድም ቀን ይህን አልጠየቅሁም። እኔ የማስበው ከታች ስላሉት ብቻ ነበር።

ብዙ ጠበቅን። ቆሎ ቆረጠምን፣ ለሰውዬውም ዘገንለት። ወንዶቹ ሲመለሱ ትንሹ ግንባሩ ላይ እምነት ተቀብቶ ነበር። አባቱ ስለ ብራናው ሊነግረኝ ተጣድፎ መጣ። ትልቋ ግን ወደ ወንድሟ ቀረበች፣ በአመልካች ጣቷ ከግንባሩ ላይ እምነቱን ጠረገች፣ የራሷ ግንባር ላይ ቀባች። ከዚያ ደግማ ጠረገችና እኔ ጋ መጣች። ጎንበስ አልኩላት። ማናችንም አልተናገርንም። አባቷም ብራናውን ተወው።

ከሰዓት በኋላው ብዙ አይወራለትም። የተጠበሰ ቆሮሶ በአዋዜ በላን። ትንሹ የዓሣው ዓይን ያየኛል ብሎ አለቀሰ፤ ጭንቅላቱን በእንጀራ ሸፈንለት። ጥንቸሏ ውሃ ውስጥ ወደቀች፣ ወጣች፣ አሁን እዚህ በረንዳው ሽቦ ላይ በአንድ ጆሮዋ ተሰጥታለች። ሳትደርቅ እንዳይነቃ ፈርቻለሁ። ነገ ወደ አርዲቦ ሐይቅ እንሄዳለን ተብሏል። እዚያ ደግሞ የማውቀው ተረት የለም።

ቅድም ብርድ ልብሱን ሳለብሳት ትልቋ ዓይኗን ገለጠች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ ወለደች?»

«ወልዳለች መሰለኝ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

እማማ ይህን አልነገረችንም። አላውቅም አልኳት።

«ሴት ከሆነች ወዴት ሄደች?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ዞራ ተኛች።