ጉንፋኔን ለቺምፓንዚዎቹ ሰጠኋቸው

ሰኞ ጠዋት አፍንጫዬ ይፈስ ነበር። ጉሮሮዬንም ይከረክረኛል። ተራ ጉንፋን ነው ብዬ ሥራ ገባሁ። ከሕገ ወጥ ንግድ የተያዙ ጦጣዎችና ቺምፓንዚዎች በሚያገግሙበት ማዕከል ተንከባካቢ ነኝ። በዚያን ቀን ለዘጠኝ ቺምፓንዚዎች ቁርስ አቀረብኩ። ማደሪያቸውን አጠብኩ። ከዚያ ትንሿን በጡጦ አጠባኋት። ስትጠባ ደረቴ ላይ ተለጥፋ ነው። ፊቷ ከፊቴ ቢርቅ አንድ ስንዝር ነው።

ሐሙስ ዕለት አሳለች።

ቅዳሜ ከዘጠኙ ስድስቱ ያስሉ ነበር። ቺምፓንዚ የሚያስለው ልክ እንደ ሰው ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ሕፃን ልጅ ነው የምትሉት። ትንሿ ሰውነቷ ተኮሰ እንጂ ጡጦዋን አልተወችም። የከፋባት ትልቋ ነበረች። ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው እሷ ናት፤ ትንሿን እንደ ልጇ ታቅፋት ነበር። ሙዝ ስሰጣት ትቀበለኛለች፣ ግን ይዛው ትቀመጣለች እንጂ አትልጠውም። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሰዓቴን እያየሁ ትንፋሿን እቆጥር ነበር። አየር ስትስብ ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ቆዳ ጎድጎድ ይላል። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ሞተች። ትንሿ እስኪነጋ ድረስ ከጎኗ አልተነሳችም።

የላክነው ናሙና ውጤት ሲመጣ የሰው የመተንፈሻ ቫይረስ ነው ተባለ። ከማን እንደገባ የሚናገር ወረቀት አልነበረም። እኔ ግን ቀኑን ቆጥሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ በሽታ ከእንስሳ ወደ ሰው ይመጣል የሚለውን። ያነበብኩት ግን ሌላ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) በ2013 ኡጋንዳ ውስጥ በኪባሌ ደን፣ ካንያዋራ በሚባለው የቺምፓንዚ ቡድን ላይ የመተንፈሻ ወረርሽኝ ገባ። ከ56ቱ 5ቱ ሞቱ። ገዳዩ ራይኖቫይረስ ሲ ነበር። ራይኖቫይረስ ማለት እኛን በየጊዜው ጉንፋን የሚያሲዘን ነው። የዚያ ቡድን ቺምፓንዚዎች ሲመረመሩ፣ ቫይረሱ ወደ ሕዋሳቸው የሚገባበት በር ሁሉም ላይ ክፍት ሆኖ ነው የተገኘው። በሰው ዘንድ ይህን በር ክፍት የሚያደርገው የጂን ዓይነት ያላቸው ልጆች ለከባድ አስም ይጋለጣሉ። በ2009 ደግሞ ሩዋንዳ ውስጥ የተራራ ጎሪላዎች ሜታኒሞቫይረስ በሚባል የሰው ቫይረስ ታመው ሁለቱ ሞተዋል። በ1966 ታንዛኒያ ውስጥ ጎምቤ ላይ ቺምፓንዚዎችን ሽባ ያደረገ ፖሊዮ መሰል በሽታ ነበር። በ1988 የሩዋንዳን ጎሪላዎች ኩፍኝ ይፈጃቸዋል ተብሎ ስለተፈራ ጫካ ድረስ ተሄዶ ተከትበዋል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ትልቋ በዓይኔ ላይ ትመጣ ነበር። ከእኛ ጋር ያላቸው ዝምድና ቅርብ ነው ስንል በሽታውም ይጋራል ማለታችን እንደሆነ ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ዕቃ ነው። ማስክ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ በር ላይ የእግር መንከሪያ። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ግን ሁለት ወር ሙሉ የተሳሳተውን በር ስጠብቅ ቆየሁ። ዋናው በር የደሞዝ መዝገቡ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ አሞት ከሥራ የቀረ ሰው የቀን ሒሳቡ ይቆረጥበታል። ታዲያ ማን ነው ለጉንፋን ብሎ የሚቀረው? እኔም ያን ሰኞ የገባሁት ለዚህ ነው። ማዕከሉ ላይ ያለኝ ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ በዓመት ስንት ሳጥን ማስክ እየገዙ አንድ ሰው ሦስት ቀን ቤቱ እንዲተኛ ግን አይከፍሉም ነበር።

ስብሰባ ላይ ብዙ ወሬ አላበዛሁም። አንድ ወረቀት ይዤ ገባሁ። በአንድ በኩል ለስድስቱ ሕክምና የወጣውን መድኃኒት፣ የምርመራ ክፍያውንና የሌሊት ተረኞቹን ሰዓት ጻፍኩ። በሌላ በኩል ደግሞ የእኔን ሦስት የሥራ ቀን ክፍያ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩና ዝም አልኩ። አራት ወር ፈጀ እንጂ ተፈቀደ። ዛሬ ያስነጠሰው ሰው ደውሎ ይቀራል፣ ደሞዙም አይነካም። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ወዲያው እንስሳቱ ጋር አይገባም፤ ጥቂት ቀን ምግብ ማዘጋጃው ጋር ይሠራል። ካደረግነው ነገር ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም።

ርቀት ሁለተኛው ነው። ጎሪላ ለማየት ጫካ የሚገቡ ጎብኚዎች 7 ሜትር እንዲርቁ የሚያዝ ደንብ ለብዙ ዓመት ነበር፤ በኮቪድ ጊዜ ወደ 10 ሜትር ከፍ ተደርጓል። እኛ አጥሩ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ቀባን። ሥራ የሌለው ሰው ከመስመሩ አያልፍም። ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይመደባል፣ ማስክ ያደርጋል፣ ልብሱም ከግቢ አይወጣም።

ስለ በረኪናም አንድ ነገር። ብዙ የሚያፈስ ሁሉ የሚጠነቀቅ ይመስለን ነበር። ሰገራና የምግብ ትርፍራፊ ያለበት ወለል ላይ በረኪና ጉልበቱን ያጣል። መጀመሪያ በሳሙና አሽተን ቆሻሻውን እናወጣለን። ከዚያ በረኪናው ይፈሳል፣ ሳይነካ ይቆያል፣ በመጨረሻ ይለቀለቃል። በኃይል የሚተኩስ የውኃ ጎማም ትተናል፤ ቆሻሻውን ከማንሳት ይልቅ ወደ አየር ይበትነዋል።

ይሄን ጎማ የተውነው እንዲሁ በንባብ አይደለም። ጎማው እኔን አግኝቶኛል።

ከቺምፓንዚዎቹ ወዲያ ማካኮች አሉን። ማካክ የእስያ ጦጣ ነው። አብዛኞቹ አዋቂ ማካኮች ቢ ቫይረስ የሚባል ነገር ይዘው ይኖራሉ። እኛ ከንፈራችን ላይ ምች የምንለው ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ለእነሱም ከምች አይከፋም፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ምልክት አያሳዩም። ሰው ላይ ሲገባ ግን በነርቭ በኩል ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ይወጣል። ካልታከመ ከ10 ሰው 7ቱን ወይም 8ቱን ይገድላል። በ1932 ዊሊያም ብሬብነር የሚባል ወጣት ሐኪም ጤነኛ በሚመስል ማካክ ተነክሶ ሞተ። የቫይረሱ ስም የመጣው ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ነው። በሰው ላይ ብርቅ በሽታ ነው፤ እስካሁን የተመዘገበው ወደ 50 ሰው ገደማ ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ22 ዓመት ወጣት ተመራማሪ ማካክ ስታዘዋውር ዓይኗ ውስጥ ፈሳሽ ተረጨባት። የዓይን መከላከያ አላደረገችም። ከሳምንታት በኋላ ሞተች።

የእሷን ታሪክ ያነበብኩት ሐምሌ ላይ ነው። መስከረም ላይ የማካኮቹን ወለል በጎማ ስመታ ውኃው ግድግዳ ነክቶ ተመለሰና ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መነጽሩ ግንባሬ ላይ ነበር። ጉም ሸፍኖብኝ ወደ ላይ የሰቀልኩት ከአንድ ደቂቃ በፊት ነው።

ያን ቀን ያዳነኝ ድፍረት አይደለም። ከግድግዳው ላይ የሰቀልነው የዓይን ማጠቢያና ከጎኑ ያለው ሰዓት ነው። ደንባችን 15 ደቂቃ ይላል። 15 ደቂቃ ዓይንን ከፍቶ ውኃ ሥር መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ካልሞከራችሁት አታውቁትም። በሦስተኛው ደቂቃ የጨረስኩ መሰለኝ። በስድስተኛው አንገቴ ደነዘዘ። የሥራ ጓደኛዬ ሽፋሽፍቴን በጣቷ ከፍታ ይዛ «ገና ነው፣ ገና ነው» ትለኝ ነበር። እሷ ባትኖር አምስተኛው ላይ አቆም ነበር። ከዚያ ጉዳዩን በጽሑፍ የያዘ ካርድ ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ካርዱ ማካክ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ቢ ቫይረስ መጠርጠር እንዳለበት ይገልጻል። ይሄን ካርድ ለሁሉም ሠራተኛ ማሠራታችን በጣም ጠቅሞኛል። ተረኛው ሐኪም ስለዚህ ቫይረስ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፣ አይፈረድበትም። ደሜ ተወሰደ፣ ለሁለት ሳምንት ቫላሳይክሎቪር የሚባል የቫይረስ መድኃኒት ዋጥኩ። ምንም አልሆንኩም። ግን ለአንድ ወር ያህል ራስ ምታት ሲነካኝ ልቤ ይመታ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ምግብ ማዘጋጃው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ የሣልኩት። በአንድ ረድፍ ቫይረሱን ዝም ብሎ የሚሸከመው፣ በሌላው ታሞ የሚወድቅበት። ቢ ቫይረስ፦ ማካክ ይሸከማል፣ ሰው ይወድቃል። የሰው ምች፦ ሰው ይሸከማል፣ ማርሞሴት የምትባለው ትንሽ የደቡብ አሜሪካ ጦጣ ትሞታለች። ኤስአይቪ (የኤችአይቪ ዘመድ የሆነ የጦጣ ቫይረስ)፦ ሱቲ ማንጋቤይ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ጦጣ ይዞት ሳይታመም ይኖራል፤ ወደ ሰው ሲሻገር ኤችአይቪ 2 ሆነ። በዓለም የተስፋፋው ኤችአይቪ 1 ደግሞ የመጣው በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ካሉ ቺምፓንዚዎች ነው። ቺምፓንዚዎቹ ራሳቸው ግን እንደ ማንጋቤይ አይደሉም። በ2009 የወጣ የጎምቤ ጥናት የተያዙት ካልተያዙት በብዙ እጥፍ እንደሚሞቱ አሳይቷል። የጦጣ ደም አፍሳሽ ትኩሳት የሚባለውን ፓታስ ጦጣ ይሸከማል፣ ማካክ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ሁለት ዓይነት ጦጣ አጠገብ ለአጠገብ የማሳደር ሐሳብ ከማናችንም አእምሮ ወጣ። አሁን ለእያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ባልዲ፣ የራሱ መጥረጊያ አለው። አዲስ የሚገባም ለብቻው ይቆያል።

ጎብኚ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። በጣም የሚጠይቁኝ ስለ «ዝንጀሮ ፈንጣጣ» ነው። ስሙ ነው ጥፋቱ። በ1958 ኮፐንሃገን ውስጥ በቤተ ሙከራ ጦጣዎች ላይ ስለታየ ተጣብቆ ቀረ። በሰው ላይ የታወቀው በ1970 በዛሬዋ ኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው። በዱር ተሸካሚዎቹ በይበልጥ አይጥ መሰል እንስሳት እንደሆኑ ነው የሚታመነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ ኤምፖክስ ይባል አለ፤ ከዚያ በፊት ግን በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ ሰዎች ጦጣ በድንጋይና በመርዝ ማጥቃት ጀምረው ነበር። ከዓመታት በፊትም በቢጫ ወባ ወረርሽኝ ጊዜ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ይሄኛው በጣም ያመኛል። ቢጫ ወባን ወደ ሰው የምታመጣው ትንኝ ናት። ሃውለር የሚባሉት የዚያ አገር ጦጣዎች ከሰው ቀድመው ይሞታሉ። ጫካው ውስጥ ጩኸታቸው ሲጠፋ የጤና ሠራተኞች ክትባት ይዘው ይደርሳሉ። እነሱን መግደል ማለት አደጋ የሚነግራችሁን ሰው መግደል ነው። ሕንድ ውስጥ በ1957 ኪያሳኑር ደን ላይም ሰዎች ሲታመሙ ጦጣዎች እየሞቱ ነበር። እዚያ አስተላላፊዋ መዥገር ናት።

ስለዚህ ለጎብኚ የምለው አጭር ነው። ሞቶ የተገኘ ጦጣ ካያችሁ አትንኩት፣ አትብሉት፣ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለጤና ሠራተኛ ተናገሩ። በ1994 ኮትዲቯር ውስጥ በታይ ደን አንዲት ተመራማሪ የሞተ ቺምፓንዚ ስትመረምር ኢቦላ ያዛት፤ ድናለች። በ1996 ጋቦን ውስጥ ማዪቡት የሚባል መንደር ሰዎች ጫካ ውስጥ ሞቶ ያገኙትን ቺምፓንዚ በሉ፣ ኢቦላ መንደሩን መታው። ኢቦላ ለእነሱም አይራራም። በ2002 እና በ2003 ኮንጎ ብራዛቪል ውስጥ ሎሲ አካባቢ ወደ 5,000 የሚጠጋ ጎሪላ እንደጨረሰ ተገምቷል። የሞተው እንስሳም ቀድሞ የታመመ ነው፤ ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አዲሱ ልጅ ነው፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ።

«ጋሼ፣ ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ነው። ግን ልመጣ እችላለሁ።»

«ተኛ» አልኩት። «ሻይ ጠጣና ተኛ። እኔ እገባልሃለሁ።»

በእሱ ተራ ገባሁ። ትንሿ አሁን አምስት ዓመቷ ነው፣ ጡጦ ከተወች ቆየች። ባልዲውን ከቢጫው መስመር ላይ አስቀምጬ ምግቡን በቱቦው አወረድኩላት። በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ዘረጋችልኝ። ማስኬን አጠበቅኩና ባለሁበት ቆምኩ። ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጇን ሰብስባ ወደ ምግቧ ዞረች።