የመጀመሪያ ሥራ የሰጠው ሰው

ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ወደ ሥራ ስሄድ አልነጋም፣ ስወጣ ጨልሟል። ዛሬ ልጽፍ ያሰብኩት እናቴ በስልክ ስለነገረችኝ ስለ ቤቱ ጉዳይ ነበር። ግን አውቶቡሱ በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ሲያልፍ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የቆመውን የቀድሞውን ከንቲባ የማሪዮን ባሪን የነሐስ ሐውልት አየሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ሚስ ኤልን ታውቋቸዋላችሁ። ሥራ ቦታ እንደ እናት የሚቆጡኝ፣ ምሳቸውን ለሁለት ሰው የሚያመጡት። ስለ ባሪ ክፉ ቃል በእሳቸው ፊት አይነገርም። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ባሪ ሲያዝ ስለሚያሳየው ቪዲዮ ሲያወራ ዝም ብለው ሰሙት። ሲጨርስ፣ «እኔን ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው» አሉት። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከተማው ቀጠራቸው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት በፊደል ተራ ያስቀምጡ ነበር። በስማቸው የተጻፈ ቼክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው። ጫማ ገዙበት፣ የተረፈውን ለእናታቸው ሰጡ። ሲያወሩት ባሪ ራሱ በራቸውን አንኳኩቶ የወሰዳቸው ይመስላል። እንዲህ የሚሉት ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም። በዚያ ዘመን ዲሲ ያደገ ጥቁር ሰው ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ትሰማላችሁ፦ የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጠኝ ባሪ ነው።

ባሪ ከንቲባ የሆነው በ1979 ነው (የዲሲዎቹ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የወጣቶቹን የእረፍት ጊዜ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። መሥራት የሚፈልግ የከተማው ልጅ ሁሉ ሥራ ያግኝ፣ አበቃ። ፕሮግራሙ ዛሬም አለ፤ አሁን በእሱ ስም ይጠራል።

ጋሼን ብትጠይቁ ሌላ ባሪ ነው የሚነግሯችሁ። ጋሼ በ80ዎቹ እዚህ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ሜትር ሳይመጣ፣ ሒሳቡ በዞን በሚቆረጥበት ጊዜ። ክራክ የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ከተማውን ያጥለቀለቀበት ዘመን ነው። ከ80ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህች ትንሽ ከተማ በዓመት ከ400 በላይ ሰው ይገደል ነበር። ሌሊት የአናኮስቲያን ወንዝ ሲሻገሩ ዳዊት ይደግሙ እንደነበር ጋሼ ይናገራሉ። «ልጆቹ በመንገድ ሲረግፉ ከንቲባው የት ነበር?» ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። መልሱን ደግሞ ከተማው ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል።

ጃንዋሪ 18 ቀን 1990 የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ባሪን ቪስታ ሆቴል ክፍል ውስጥ ክራክ ሲያጨስ ያዘው። የሚያውቃት ሴት ናት የጠራችው፤ ካሜራው ተደብቋል። ዓለም ሁሉ አየው። ከ14ቱ ክሶች ግን ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ነዋሪዎች ጥፋተኛ ያሉት በአንዱ ብቻ ነበር። ስድስት ወር ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። በ1992 ከእስር ወጣ። በዚያው ዓመት የከተማው ድሃ ክፍል የሆነው 8ኛው ዋርድ ለምክር ቤት መረጠው። በ1994 እንደገና ከንቲባ አደረጉት፤ ለአራተኛ ጊዜ። ከከተማው ውጭ ያለው ሰው ጉድ አለ። እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው ተባለ። እኔም አዲስ የመጣሁ ሰሞን እንዲሁ እል ነበር።

አሁን ሳስበው ግን ነገሩ ከቪዲዮው በፊት ይጀምራል። ባሪ በ1936 ሚሲሲፒ ውስጥ ከጢሰኛ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ነው። ሜምፊስ አደገ። ኬሚስትሪ ተምሮ ማስተርሱን ያዘ፤ ዶክትሬቱን ግን ለትግሉ ሲል ጥሎት ወጣ። በ1960 ለጥቁሮች መብት የሚታገለው የተማሪዎች ኮሚቴ (SNCC) ሲቋቋም የመጀመሪያ ሊቀመንበሩ እሱ ነው። በ1965 ዲሲ ሲመጣ የከተማው ሕዝብ ከንቲባውን አይመርጥም ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ሆኖ ሳለ የሚያስተዳድረው ኮንግረስ ነው። ባሪ የአውቶቡስ ዋጋ ሊጨመር ሲል ሕዝቡ አውቶቡስ እንዳይሳፈር አስተባበረ። ሥራ ያጡ ወጣቶችን ሰብስቦ መንገድ የሚያጸዳ ድርጅት አቋቋመ። ከተማው ራሱን የማስተዳደር መብት ሲያገኝ በ1974 ለምክር ቤት ተመረጠ። በ1977 ታጣቂዎች የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ሲይዙ ደረቱ ላይ ተመትቶ ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ለከንቲባነት ተወዳድሮ አሸነፈ።

ታዲያ በፌዴራል መንግሥት ወጥመድ ሲያዝ፣ ሚስ ኤል ያዩት ክራኩን ብቻ አይደለም። ትናንት ድምፅ የከለከላቸው መንግሥት ዛሬ የመረጡትን ሰው ሲነጥቃቸው ነው ያዩት። እንፍረድበትም እንማረውም፣ እኛ ነን ብለው ነው። ይሄ ይገባኛል። ከየት እንደመጣሁ ታውቃላችሁ።

ግን ማሩት ማለት ከተማው ተረፈ ማለት አይደለም። በ1995 የዲሲ ካዝና ባዶ ነበር። ኮንግረስ የፋይናንስ ቁጥጥር ቦርድ አስቀመጠ፤ በ1997 ደግሞ ከንቲባውን ከአብዛኛው ሥልጣኑ ገፈፈው። የባሪ ደጋፊዎች የጓጉለት ራስን የማስተዳደር መብት በባሪ ዘመን ተሸራረፈ። ይህ ልቤን ያመኛል። ከቪዲዮው ይበልጥ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በ2012፣ ምክር ቤት ተመልሶ ገብቶ ሳለ፣ በሰፈሩ ሱቅ ስለከፈቱ እስያውያን ክፉ ተናገረ። ሱቆቻቸው ቆሻሻ ናቸው፣ መሄድ አለባቸው አለ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ያን ዕለት ራት ላይ ስናወራ ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። ሱቅ ከፍቶ የሚያድር መጤ እኛም ነን። ሆኖም እሱ በ1986 በ14ኛውና በዩ ጎዳና ጥግ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲያሠራ፣ አካባቢው ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ከተነሣው የ1968 ቃጠሎ ገና አላገገመም ነበር። ዛሬ ከዚያ ትንሽ ወረድ ስትሉ የበርበሬ ሽታ ይቀበላችኋል። የእኛን ሰው እዚያ ያመጣው ሕንፃው ብቻ ነው አልልም። ግን በዚያ ጨለማ ሰፈር መጀመሪያ መብራት ካበሩት አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ታላቄን። ቤተሰብ ማስተዳደር የጀመረው በአርከበ ሱቅ ነው። አርከበ ዕቁባይ አዲስ አበባን መምራት የጀመሩት በ1995 ዓ.ም. ነው፤ በእሳቸው ጊዜ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች እየተደራጁ እነዚያን ትንንሽ ሱቆች አገኙ። ወንድሜ ዛሬም ስማቸው ሲነሳ በአክብሮት ነው። ሰፈር ውስጥ ቦዝኖ የሚውል ልጅ ነበር፤ ጠዋት ተነስቶ ቁልፍ የሚከፍት ሰው ሆነ። እናቴ ለእሳቸው ጸሎት ታደርስ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ግን ወንድሜ የመረጠው የአርከበን ፓርቲ ኢሕአዴግን ሳይሆን ቅንጅትን ነው። እናቴም እንዲሁ። ከተማው ሁሉ እንዲሁ፤ ከ138ቱ የምክር ቤት ወንበሮች ቅንጅት 137ቱን ወሰደ። ከንቲባ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ። የሕዝቡ ድምፅ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሚስ ኤል ውለታቸውን በድምፃቸው መለሱ። ወንድሜ አመስግኖ ድምፁን ለሌላ ሰጠ። የሚስ ኤል ሰው በምርጫ ወረቀቱ ላይ በስሙ ነበር፤ የወንድሜ ከንቲባ ግን በስሙ የሚመረጥ አልነበረም፣ ፓርቲው ነው የሚመረጠው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። ከሁለቱ ማን የከተማውን ጥቅም የበለጠ እንዳየ ግን መወሰን አቃተኝ። የባሪ መራጮች ሰውየውን ሲያስመልሱ ቦርድ መጣባቸው። የወንድሜ ሰፈር ሰውየውን ከፓርቲው ለይቶ ሲያይ የመረጠውን አጣ።

እሑድ ሲደውል ይህን እጠይቀዋለሁ፦ ያኔ ወረቀቱ ላይ የነበረው ፓርቲው ሳይሆን አርከበ ብቻ ቢሆን፣ የት ጋ ምልክት ታደርግ ነበር?