የፀጉር ማድረቂያ፣ የኤክስሬይ ፊልም እና ተገልብጣ የቆመች መኪና

የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አራት ኪሎ እኔ ጋ መጥቶ ከረመ። አንድ ቀን ስልኩን አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እውነት ነው ወይስ ኤአይ?»

አንዲት ትንሽ መኪና ሹፌሯን እንደያዘች ተገልብጣለች። ጎማዎቿ ወደ ሰማይ፣ ጣሪያዋ ወደ መሬት። በምንም ነገር አልታሰረችም፤ ግን አልወደቀችም።

«እውነት ነው» አልኩት። መኪናዋ ማክመርትሪ ስፔርሊንግ ትባላለች። የእንግሊዝ ሥራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ላይ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ራሱ ገብቶባት ነው የተገለበጠው። ፑር የሚባለው ለትራክ (ለመወዳደሪያ ሜዳ) ብቻ የሚሸጠው ዓይነቷ በ100 መኪና የተወሰነ ነው።

ልጁ አላመነኝም። እኔም ሳላስብ «ሠርቼ አሳይሃለሁ» ብዬ አረፍኩት። ያቺ ቃል ሦስት ሳምንት በላችብኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እነዚህ መኪኖች ሳወራ ከፈረስ ጉልበት አላልፍም ነበር። ቡጋቲ ቦሊድ 1,600 የፈረስ ጉልበት አላት፣ 40 ብቻ ነው የተሠራችው፣ ዋጋዋ ከነቀረጡ ሳይሆን ያለ ቀረጥ 4 ሚሊዮን ዩሮ ነው፣ አለቀ። ታርጋ የማያስፈልጋት መኪና ዋና ጣጣዋ ግን ኩርባ ላይ መሬቱን ለቅቃ እንዳትንሸራተት ነው። መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫናትን ኃይል ዳውንፎርስ ይሉታል። ነፋስ ወደ ታች የሚገፋው ክንፍ ያላት ላምቦርጊኒ ኤሴንዛ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 1,200 ኪሎ ግራም ያህል ትጫናለች። ፍጥነቷ በግማሽ ሲቀንስ ግን ጭነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ክንፍ ማለት ይኸው ነው፤ ፍጥነት ካልሰጠኸው አይሠራም። ስፔርሊንግ ቆማ ሳለች እንኳ 2,000 ኪሎ ግራም ትጫናለች። ከሆዷ ሥር ያለውን አየር በፋን መጥጣ ታወጣዋለች፤ የላዩ አየር ይጫናታል። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቻፓራል የሚባል የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለት ፋን ከኋላ ገጥሞ ነበር፤ ታገደበት። የፎርሙላ ዋን ቡድኑ ብራብሃም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ስዊድን ላይ ሹፌሩን ኒኪ ላውዳን በባለፋን መኪና አሰለፈ። «ፋኑ ለማቀዝቀዣ ነው» ብለው ተከራከሩ። (የኛ ሰው ቢሆን የተሻለ ሰበብ አያጣም ነበር።) ላውዳ አሸነፈ፤ መኪናዋ ግን ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረችም። ዲዛይነሯ ጎርደን መሪ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፋን የገጠመላትን የትራክ መኪና በላውዳ ስም ሰየማት። 25 ብቻ።

ወደ እኔዋ መኪና ልመለስ። አካሏ የቡትስ ጫማ ካርቶን ክዳን ነው። ጎማዎቹን ከአሮጌ መጫወቻ ነቀልኩ። ፒያሳ ወርጄ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች አራት ፋን ለቀምኩና ክዳኑን በስቼ ገጠምኳቸው። መለኪያዬ የሻንጣ ሚዛን ነው፤ ያ ኤርፖርት ከመሄዳችን በፊት እያንጠለጠልን የምንጨቃጨቅበት። መኪናዋን ከጠረጴዛ ላይ ወደ ላይ ሳብኳት። ፋኑ ጠፍቶ 480 ግራም። ፋኑ ሲበራ 500። አራት ፋን ተጋግዘው 20 ግራም! የኮምፒውተር ፋን ክፍት ቦታ ላይ ነፋስ ይሰጣል እንጂ መምጠጥ አይሆንለትም። ትንሽ ከተጋፋኸው እጅ ይሰጣል።

ጎረቤቴ የፀጉር ቤት አላት። ሁለት የተበላሹ የፀጉር ማድረቂያዎች ሰጠችኝ፤ በእጅ የሚያዙትን ማለቴ ነው፣ ካስኩን አይደለም። «ውሰዳቸው፣ ሞተዋል» አለችኝ። የመጀመሪያውን ፈታሁና ሞተሩን በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ሰካሁት። ጭስ! ለካ ውስጥ ያለችው ሞተር ትንሽ ናት። የሚግለው ሽቦ ኃይሉን ቀንሶ ነው የሚሰጣት፤ እኔ ደግሞ ሽቦውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። እባካችሁ ሳትጠይቁ አትሰኩ። ሁለተኛውን በላፕቶፕ ቻርጀር፣ በ19 ቮልት አስነሳሁት። እንደ ንብ ጮኸ።

ሚዛኑ ግን አሁንም ፈቀቅ አላለም። 560 ግራም።

እዚህ ላይ አራት ቀን ባከነ። ጥፋቱን ሁሉ ፋኑ ላይ ነበር የማላክከው። አንድ ማታ ልጁ መዳፉን ከመኪናዋ ጎን አስጠግቶ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ንፋስ ይገባል» አለ። የሚመጠጠው አየር በጠርዙ በኩል ተመልሶ እየገባ ነበር። ስለዚህ ቀሚስ ያስፈልጋታል፤ ባለሙያዎቹም ቀሚስ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ስፖንጅ ዙሪያውን ለጠፍኩ። ጭነቱ ጨመረ፤ መኪናዋ ግን መንቀሳቀስ አቃታት። ፌስታል ሞከርኩ፤ ወደ ውስጥ ተመጠጠና ፋኑ ውስጥ ተጠቀለለ። በመጨረሻ መሳቢያ ውስጥ የእናቴን የድሮ የጉልበት ኤክስሬይ አገኘሁ። ፊልሙ ይተጣጠፋል፣ ግን አይልፈሰፈስም። ሁለት ጣት ስፋት አድርጌ ቆረጥኩና በፕላስተር እንደ ማጠፊያ አንጠለጠልኩት። አሁን ከመሬት ጋር እየተሻሸ ከፍ ዝቅ ይላል።

1 ኪሎ ከ400 ግራም! ክዳኑ ራሱ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። በአይስክሬም እንጨት ደገፍኩት።

በደስታ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ይዘናት ወጣን። ንጣፉ ለዓይን ልሙጥ ነው። የንጣፎቹ መገጣጠሚያ ላይ ስትደርስ ግን አየር ገባና ጭነቱ ባንዴ ጠፋ። እውነተኛው ትራክ ላይም የኩርባው ጠርዝ እንዲህ ሊያደርጋት እንደሚችል ያኔ ገባኝ። ሰው ከቦን «ምንድን ናት?» ሲለን ልጁ «ሃይፐርካር» እያለ ይመልስ ነበር።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር ነበረ። ሽንብራ ጥደን አልበስል ብሎን ስንጠብቅ ነው ትዝ ያለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው፣ ጥራጥሬ የሚያስቸግረን አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ያው ፋን ጅቡቲ ቢሄድ በተሻለ ይመጥጥ ነበር ማለት ነው። ኤሴንዛን እዚህ ብናመጣት ደግሞ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ ቱርቦ ስለሌላት ሞተሯ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ክንፏም የሚገፋው አየር ይቀንስበታል። ቦሊድን ግን ቱርቦዎቿ ይክሷታል። የስፔርሊንግ ሞተር ኤሌክትሪክ ስለሆነ ግድ የለውም፤ በ2016 ዓ.ም. ከመጣው የነዳጅ መኪና ክልከላም ታመልጣለች። ፋኗ ግን እንደኔው ይደክማል።

የመጨረሻው ቀን ፎርሚካ ጠረጴዛችንን ልንዘቀዝቅ ነበር። ልጁ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ «ጠረጴዛው ይቁም፣ እሷን ከሥር እንለጥፋት»። ሞተሩን አስነሳን፣ ወደ ላይ ደገፍናት፣ እጃችንን ለቀቅን። ቆመች! ተዘቅዝቃ፣ እየጮኸች። ልጁ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። 37 ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ዷ! የፊት ጎማዋ ሶፋ ሥር ገባ። ፋን ላይ የተመካ ጭነት ፋኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ክንፍ ቢያንስ መኪናዋ እየሮጠች ሳለ አይጠፋም።

አሁን በ12 ቮልት ባትሪ ልቀይረው እየሞከርኩ ነው፤ ክብደቱ ነው ያስቸገረኝ። ባለፀጉር ቤቷ ደግሞ ማድረቂያው መሥራቱን ሰምታለች። «ከተሠራማ መልስልኝ» ብላ ሁለት ጊዜ ልካብኛለች።