ከ94 ፍንክች የማይለው ኢንተርኔት

የዴስክቶፕ ኮምፒውተራችሁ ኢንተርኔት ከተንቀራፈፈ፣ ለደንበኞች አገልግሎት ከመደወላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው የምጽፈው።

የምከፍለው ለ300 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ከራውተሩ ጋር በኬብል የተገናኘው ዴስክቶፕ ላይ ስለካው ግን 94 ነው። ጠዋት 94፣ ማታ 94፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓትም 94። በዚያው ራውተር ዋይፋይ የሚጠቀመው ስልኬ ደግሞ ከ250 በላይ ያሳያል።

የተለመደውን ሁሉ አደረግሁ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ቪፒኤን ዘጋሁ፣ ታስክ ማናጀር ከፍቼ ከጀርባ የሚያወርድ ፕሮግራም ፈለግሁ። ምንም የለም።

ከዚያ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው፤ ግን ከተሰጠው ወረቀት ውልፍት አይልም። ስልኩ ደህና ነው፣ የሚንቀራፈፈው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው ብዬ አስረዳሁት። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አለኝ። አድርጌዋለሁ አልኩት። «እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ።» ደገምኩ። ያው ነው። «እንግዲያው ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭነው 10 ሰከንድ ይያዙ።» የሚጠፋ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ምንም ችግር የለውም» አለኝ። ተጫንኩ።

አለው እንጂ! እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያለችው የሪሴት ቁልፍ ናት። ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች። የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ይጠፋል፤ ይሄስ ግድ የለም፣ እንደገና ይሞላል። የከፋው ግን አቅራቢው የሰጠው የፒፒፒኦኢ (ራውተሩ ወደ አቅራቢው መስመር የሚገባበት መንገድ ነው) ዩዘርኔምና ፓስወርድም አብሮ መጥፋቱ ነው። እንደኔ በፒፒፒኦኢ የምትገናኙ ከሆነ፣ ያለ እሱ ራውተሩ ኢንተርኔት አያገኝም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። 94 የነበረው ዜሮ ሆነ።

መልሼ ስደውል አንዲት ሴት አነሳች። ነገሩን ከሀ ጀምሬ ተናገርኩ። ፓስወርዱን በስልክ መስጠት ክልክል ነው፣ ቴክኒሻን ይላካል አለችኝ። መቼ? «ይደውሉልዎታል።» እስኪደውሉ ድረስ ቤቱ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ተቀመጠ። በስልክ የማይሰጥ ፓስወርድን በስልክ ማስጠፋት እንዴት እንደሚፈቀድ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ቴክኒሻኑ መጣ። ፓስወርዱን አስገባ፤ የራሱን ላፕቶፕ በራሱ ኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቶ ለካ። ከ290 በላይ። «መስመሩ ሰላም ነው» ብሎ ሄደ። የእኔን ኮምፒውተር ዞር ብሎም አላየው።

መስመሩስ እውነትም ሰላም ነበር። እኔን ያነቃኝ «በራሱ ኬብል» ለክቶ መሄዱ ነው። ዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ገብቼ የኢተርኔቱን፣ ማለትም የኬብሉን ግንኙነት፣ ዝርዝር ከፈትኩ። ሊንክ ስፒድ የሚለው ላይ 100/100 ይላል። ይህ ኮምፒውተሩና ራውተሩ እርስ በርስ የተስማሙበት ፍጥነት ነው። 1000 መሆን ነበረበት።

የኢተርኔት ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተገምደዋል። ለ100 ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ ለ1000 ግን አራቱም ያስፈልጋሉ። ለ100 ከማያስፈልጉት ሁለት ጥንዶች አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ምንም ሳይል ወደ 100 ይወርዳል። ከመቶው ላይ ለዳታው መጠቅለያ የሚሄደው ሲቀነስ ወደ 94 ይቀራል። ያ ቁጥር ሁልጊዜ አንድ የሆነው ለዚህ ነው። መስመር ቢጨናነቅ ኖሮ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ኬብሉን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። የጠረጴዛው እግር ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ጨፍልቆታል። ሰማያዊው ልባስ እዚያች ቦታ ላይ ነጥቶ ተሰንጥቋል። አዲስ ካት 5ኢ (1000 የሚችል የኬብል ዓይነት ነው) ኬብል ሰካሁ። ሊንክ ስፒዱ ወዲያው 1000/1000 አለ፤ ፍጥነቱም 287 ገባ።

እንግዲህ ስሙኝ። ደንበኞች አገልግሎት የፈለገውን ይበል፣ የፒፒፒኦኢ ዩዘርኔምና ፓስወርዳችሁ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ሪሴቷን እንዳትነኩ። ኢንተርኔቱ እየሠራ ሳለ ጠይቁና ያዙ። ኢንተርኔት አፈጥናለሁ የሚል ፕሮግራም አትጫኑ። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረውን አገልግሎት) ቀይሩ የሚላችሁም ይበዛል፤ ገጽ መከፈት የሚጀምርበትን ጊዜ ሊያሳጥር ይችላል እንጂ 94ን 300 አያደርግም። ፋይል ስታወርዱ 37 ሜጋ ባይት ብታዩም አትደንግጡ፤ 300 ሜጋ ቢት ለ8 ሲካፈል እሱ ነው።

ዴስክቶፑን በዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አንቴናው ከብረቱ ሳጥን ጀርባ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ላይ አውጡት። የእኔ እምነት ግን ከቦታው የማይነቃነቅ ኮምፒውተር ኬብል ይገባዋል የሚል ነው።

ኬብል ቀይራችሁም 100 ካለ፣ መሰኪያዎቹን ተመልከቱ። ከ100 በላይ ጨርሶ የማይሄድ መሰኪያ ያላቸው ርካሽ ራውተሮችና አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ከሆነ ዩኤስቢ 3 ላይ የሚሰካ የጊጋቢት (የ1000) አዳፕተር ይገላግላችኋል። ራውተሩ ላይ ከሆነ ግን ራሱን ራውተሩን ከመቀየር ውጪ መላ የለውም።